የፕሲኮሜትሪ ነጥብ እንዴት ይታሰባል? ሕክምና ለመማር የሚዘጋጅ ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች

በእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች የስድስት ዓመቱን የሕክምና ትምህርት ለመጀመር የሚያመለክት ወጣት በተለምዶ ከባግሩት ውጤቱ ጋር የፕሲኮሜትሪ ነጥብ ያስፈልገዋል። ፈተናውን አዘጋጅቶ የሚያርመው በዕብራይስጥ ምህጻሩ ማላል የሚባለው የፈተናና የምዘና ብሔራዊ ማዕከል ነው። ማዕከሉን በ1981 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ዩኒቨርሲቲዎቹ ናቸው።

ውጤቱ ሲመጣ በወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ብዙ ቁጥሮች ይታያሉ። ቁጥሮቹ ከመቶ የሚሰጡ ስላልሆኑ እንደ ትምህርት ቤት ካርድ አይነበቡም። ሕጉን ያላወቀ ቤተሰብ ጥሩ ውጤት ያመጣውን ልጅ ሊያሳዝን፣ ልጁም ሊያገኘው የሚችለውን ነጥብ በከንቱ ሊተው ይችላል።

ስህተት ነጥብ አያስቀንስም

የፕሲኮሜትሪ ጥያቄዎች አራት አራት ምርጫ አላቸው፤ ትክክለኛው መልስ አንድ ነው። ትክክል የመለሰ ነጥብ ያገኛል። የተሳሳተም ሆነ ባዶ የተወ ምንም አያገኝም፤ ካገኘው ላይ ግን አይቀነስበትም። ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ ሊኖር አይገባም። ጊዜ አልቆበት ስምንት ጥያቄ የቀረው ተፈታኝ በግምት ሞልቶ ቢወጣ፣ በአማካይ ሁለቱን ያገኛል። ባዶ ቢተዋቸው ግን አንድም አያገኝም።

«የማታውቀውን አትንካ» የሚለው ምክር ሌላ ቦታ ይሠራ ይሆናል። ለምሳሌ በሕንድ አገር ኒት በሚባለው የሕክምና መግቢያ ፈተና ትክክለኛ መልስ 4 ነጥብ ያስገኛል፤ የተሳሳተ መልስ ደግሞ 1 ነጥብ ያስቀንሳል። እዚያ አራት ስህተት የአንድ ትክክለኛ መልስ ዋጋ ይበላል። የእስራኤሉ ፈተና ግን እንዲህ ዓይነት ቅጣት የለውም።

ሦስት ክፍሎችና አንድ ድርሰት

ፈተናው የቋንቋ አስተሳሰብ፣ የሒሳብ አስተሳሰብና የእንግሊዝኛ ክፍሎች አሉት። ለእያንዳንዱ ከ50 እስከ 150 ነጥብ ይሰጣል። ተፈታኙ በእጁ የሚጽፈው ድርሰትም አለ። ድርሰቱን ሁለት አራሚዎች በይዘቱና በቋንቋው ይመዝኑታል። የቋንቋው ክፍል ነጥብ ሩብ (25 በመቶ) የሚመጣው ከዚህ ድርሰት ነው። ስለዚህ ምርጫ ጥያቄ ብቻ ሲለማመድ ከርሞ ድርሰት ያልጻፈ ልጅ ብዙ ነጥብ ያጣል።

በእንግሊዝኛው ክፍል 134 ወይም ከዚያ በላይ ያመጣ በዩኒቨርሲቲ ከሚሰጠው የእንግሊዝኛ ኮርስ ነፃ ይሆናል።

በፈተናው ውስጥ ለሙከራ የገቡ፣ ነጥብ የማይያዝባቸው ምዕራፎችም አሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ተፈታኙ አያውቅም። ስለዚህ ሁሉንም እኩል ተጠንቅቆ መሥራት ያስፈልጋል። አንድ ምዕራፍ ስለከበደው ተስፋ ቆርጦ የሚቀረውን ማበላሸትም የለበትም፤ የከበደው ምዕራፍ ምናልባት የማይቆጠረው ሊሆን ይችላል።

አንድ ልጅ፣ ሦስት ጠቅላላ ነጥብ

ጠቅላላው ነጥብ ከ200 እስከ 800 ሲሆን በሦስት መንገድ ይሰላል። በመጀመሪያው ቋንቋ 40፣ ሒሳብ 40፣ እንግሊዝኛ 20 በመቶ ይይዛሉ። በሁለተኛው ቋንቋ 60 በመቶ ይይዛል። በሦስተኛው ደግሞ 60 በመቶውን የሚይዘው ሒሳብ ነው። በእነዚህ በሁለቱ የቀሩት ክፍሎች 20፣ 20 በመቶ ይይዛሉ።

ለምሳሌ አንዲት ልጅ በቋንቋ 120፣ በሒሳብ 130፣ በእንግሊዝኛ 110 ብታመጣ፣ በመጀመሪያው ስሌት 122፣ ቋንቋ በሚያመዝንበት 120፣ ሒሳብ በሚያመዝንበት 124 ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ከዚያ በኋላ ወደ 200–800 መለኪያ ይለወጣሉ። ዩኒቨርሲቲው ለሕክምና የትኛውን ስሌት እንደሚወስድ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በተለያየ ቀን የሚሰጡ ፈተናዎች በክብደት ትንሽ ሊለያዩ ስለሚችሉ ማዕከሉ ነጥቦቹን ያስተካክላል። ከበድ ያለ ፈተና የደረሰው ልጅ በዚያ ምክንያት አይጎዳም። አጠገቡ የተቀመጠው ጎበዝ ስለሆነም ነጥቡ አይቀንስም።

ለሕክምና የሚፈለገው

600 ያመጣ ልጅ አልወደቀም። ፈተናው ማለፊያና መውደቂያ የለውም፤ በዚህ ነጥብ ብዙ የትምህርት ዘርፎች ክፍት ናቸው። ሕክምና ግን ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከ700 በላይ ይጠይቃል። የመግቢያው ነጥብ በየዓመቱና በየዩኒቨርሲቲው ይለያያል። የባግሩት ውጤትም ከፕሲኮሜትሪው ጋር ተደምሮ ይታያል። ባለ 5 ዩኒት ሒሳብና እንግሊዝኛ ተጨማሪ ነጥብ ስለሚያስገኙ፣ ዝግጅቱ የሚጀምረው ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

ነጥቡ ቢሞላም ገና አላለቀም። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የአመልካቹን ጠባይና ከሰው ጋር ያለውን አቀራረብ በቃለ መጠይቅ፣ ወይም ሞርና ሚርካም በሚባሉ ምዘናዎች ይመረምራሉ። እዚያ ልጁ እንዴት እንደሚያዳምጥ፣ የተጨነቀን ሰው እንዴት እንደሚያነጋግር ይታያል። ሽማግሌ ሲናገር አክብሮ ማዳመጥን በቤቱ የተማረ ልጅ ባዶ እጁን አይሄድም።

ከቤተሰብ የሚጠበቀው

ፈተናውን ደግሞ መውሰድ ይቻላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውጤት ዝቅ ቢል «ሕክምና ለእኛ ልጆች አይሆንም» ብሎ መደምደም ልክ አይደለም። የትኛው ክፍል ዝቅ እንዳለ መጠየቅ ይሻላል፤ ድርሰቱ ነው? እንግሊዝኛው ነው? ባዶ የተተወ ጥያቄስ ነበር? የመማር ችግር እንዳለበት በባለሙያ የተረጋገጠለት ልጅ እንደ ተጨማሪ ጊዜ ያለ ማመቻቸት ለማዕከሉ ማመልከት ይችላል፤ ይህም የሚደረገው ከፈተናው ቀን ቀደም ብሎ ነው። በዝግጅቱ ወራት ደግሞ ልጁ ጸጥ ያለ ቦታና ጊዜ እንዲያገኝ፣ የቤት ጉዳይና መልእክት እንዲቀልለት ማድረግ ዕብራይስጥ የማያነቡ አያትም ሊሰጡት የሚችሉት እርዳታ ነው።