ሸክላ፦ «ብላክ ቦተም ስቶምፕ»

ጄሊ ሮል ሞርተንና ሬድ ሆት ፔፐርስ፤ ቪክተር ኩባንያ፤ ቺካጎ፣ መስከረም 1926 (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)

በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረው ይህ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ሞርተን በዚያች ጠባብ ጊዜ ራሱን ጨምሮ ሰባት ሙዚቀኞችን አቀባብሎ አጫውቷል። ክላርኔቱ፣ ኮርኔቱ፣ ባንጆው፣ የራሱም ፒያኖ በየተራ ይወጣሉ፤ አጃቢው ድንገት ቀጥ ይላል፤ ደግሞ ሁሉም ይግተለተላሉ። እንዳመጣለት የሚመስለው ጨዋታ አብዛኛው አስቀድሞ የተቀመረ ነው።

ሞርተን የኒው ኦርሊንስ ክሪዮል (የአውሮፓና የአፍሪካ ዝርያ ያለው) ነበር፤ የቤተሰቡ ስም ላሞት። ገና በወጣትነቱ በከተማዋ በስቶሪቪል ሰፈር በነበሩ ሴተኛ አዳሪ ቤቶች ፒያኖ ይጫወት ነበር። የራግታይምን ደረቅ ምት አላልቶ ከብሉዝ ጋር አዋሐደው። በ1915 በኖታ የታተመው «ጄሊ ሮል ብሉዝ» ከመጀመሪያዎቹ የታተሙ የጃዝ ድርሰቶች አንዱ ነው።

ጉራ ይወድ ነበር፤ ጥርሱ ላይ አልማዝ አስተክሏል። በ1938 ለ«ዳውን ቢት» መጽሔት ጽፎ ጃዝን በ1902 የፈጠርኩት እኔ ነኝ አለ። የተጋነነ ነው፤ ይህን ሸክላ የሰማ ግን ሳይቆጣ ያልፈዋል።

በዚያው በ1938 በዋሽንግተን፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ ፒያኖ እየተጫወተ ለሕዝባዊ ሙዚቃ ሰብሳቢው ለአለን ሎማክስ የሕይወቱን ታሪክ ለሰዓታት አስቀዳ። በሐምሌ 1941 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፈ።