ትርፍ እንጂ ትራፊ አይደለም፦ ተማሪዎች ከመጣል ያዳኑት ምግብ ታሪክ

ሁላችንም አይተነዋል። የምሳ ሰዓት ያልቃል፣ ማንም ያልነካው ሩዝና ዶሮ በጥቁር ፌስታል ታስሮ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። አሥራ አንደኛ ክፍል እያለን አንድ ቀን «ለምን ለቸገረው ሰው አይሰጥም?» ብለን ጠየቅን። «ሰው ቢታመም ማን ይጠየቃል?» ተባልን። መልስ ስላልነበረን ዝም ብለን ወጣን። ይሄ ጥያቄ ከኛ በፊት ለሌሎች ተማሪዎችም እንደቀረበና መልስ እንዳገኘ ያወቅነው ኋላ ነው። ታሪኩን ለዘንድሮው መጽሔት ያመጣነውም ለዚህ ነው።

ከሩቁ እንጀምር። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ገበሬው የማሳውን ዳር እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም እንዳይለቅም፣ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተወው ያዛል። ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚህ ሕግ ነው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ ቃርሚያው የባለ እርሻው ቸርነት አይደለም፣ የድኻው ድርሻ ነው። ዕብራይስጡ ቃርሚያን «ሌኬት» ይለዋል።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሮበርት ኤገር የሚባል ሰው ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ወጥ ቤት ከፈተ። የመጀመሪያው ቀን ምግብ ከፕሬዝዳንት ቡሽ በዓለ ሲመት የተረፈ ነበር። ሆኖም ብዙ ድርጅቶች «እንከሰሳለን» ብለው ይፈሩ ነበር፤ እኛም የሰማነው ያንኑ ፍርሃት ነው። በ1996 ፕሬዝዳንት ክሊንተን አንድ ሕግ ፈረሙ። በቅን ልቦና ምግብ የለገሰ ሰው፣ ከባድ ቸልተኝነት ወይም ሆን ብሎ የፈጸመው ጥፋት ከሌለበት፣ አይጠየቅም ይላል።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ተማሪዎች ገቡበት። በ1999 ሰሜን ካሮላይና ባለው ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሴት ተማሪዎች ምግብ እያበሰሉ ለችግረኞች ማድረስ ጀመሩ። ሐሳቡ አድጎ በ2001 ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመጀመሪያው የካምፓስ ወጥ ቤት ተከፈተ። በ2011 ደግሞ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከካፌያቸው በየማታው የሚጣለውን አይተው «ፉድ ሪከቨሪ ኔትወርክ»ን መሠረቱ። በዚያው የትምህርት ዓመት ወደ 30,000 የሚጠጋ ምግብ በዋሽንግተን አካባቢ ላሉ የእርዳታ ድርጅቶች አደረሱ። ዛሬ ሥራው ከመቶ በላይ ካምፓሶች ደርሷል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ካፌው ሲዘጋ ተማሪዎች ጓንት አድርገው ይገባሉ፣ የተረፈውን ይመዝናሉ፣ ቀኑን ጽፈው ያሽጉታል፣ በመኪና ያደርሳሉ። ሰው ሳህን ላይ የደረሰ ምግብ አይነካም። ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ሆኖ ይጓዛል። በአማርኛችን ትርፍና ትራፊ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

በእስራኤልም ታሪክ አለ። በ2003 ጆሴፍ ጊትለር ከሠርግ አዳራሾች የሚተርፈውን ምግብ ራሱ እየሰበሰበ ማከፋፈል ጀመረ። ያ ሥራ ዛሬ ሌኬት ይስራኤል የሚባለው ድርጅት ሆኗል፤ ስሙን ያገኘው ከዚያ ከኦሪቱ ቃርሚያ ነው። በ2018 ደግሞ ክኔሴት የምግብ ልገሳን የሚያበረታታ ሕግ አወጣ። የምግብ ደኅንነት ደንቡን ጠብቆ፣ ያለ ቸልተኝነት የለገሰ ሰው ከክስ ይጠበቃል። እኛ ያኔ ይህን ብናውቅ ኖሮ ዝም ብለን አንወጣም ነበር።

ግን ሕግ ብቻውን አይበቃም። ባለፈው ዓመት ከማኅበራችን ዝግጅት የተረፈውን ዳቦና ወጥ ይዘን የአንዲት እናት በር አንኳኳን። «እማማ፣ ትንሽ ምግብ ይዘንልዎት መጣን» አልናቸው። «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እኔ ግን ተረጂ አይደለሁም» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። በጣም አፈርን። ወላጆቻችን መርካዝ ክሊጣ እያሉ ሰው ያመጣላቸውን ልብስና ምግብ አንገታቸውን ደፍተው እንደተቀበሉ ስንት ጊዜ ነግረውናል። እኛም ያንኑ ደገምነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ነገር ጠየቅናቸው። «እማማ፣ የተረፈው ብዙ ነው፣ እኛ ማካፈል አላወቅንበትም፣ ይርዱን» አልናቸው። መጡ። ለማን ምን እንደሚሻል፣ ማን ልጅ እንደበዛበት፣ ማን ብቻውን እንደሆነ ከኛ በላይ ያውቃሉ። አካፍለው ሲጨርሱ የራሳቸውንም ድርሻ ይዘው ሄዱ። ቄሱ ባርከው የሰንበትን ዳቦ ሲያካፍሉ ድኻው ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሁሉም ይቀበላል። ያ ጥበብ በእጃችን ነበር፣ ረስተነው እንጂ።

ስለዚህ ለታናናሾቻችን የምንለው ይሄ ነው፦ በትምህርት ቤታችሁ ምን ያህል እንደሚጣል ለአንድ ሳምንት መዝግቡ። ከሕጉ ቅጂ ጋር ይዛችሁ ጠይቁ። «አይሆንም» ብትባሉ፣ ምክንያቱን ጠይቃችሁ ተመለሱ። ወላጆች ደግሞ አብራችኋቸው ግቡ፤ አንድ ተማሪ ብቻውን ሲጠይቅና ወላጅ አብሮት ሲቆም መልሱ አንድ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ? የሚጣለው ትሪም እንደዚያው ነው።