የታሪክ ማስታወሻ፤ ከፍታን የወደደው መሐንዲስ

ዛሬ የምናነብላችሁ ማስታወሻ ይህ አሁን ከጆሮአችሁ የሚደርሰው ድምፅ ስለሚሄድበት መንገድ፣ መንገዱንም አስቀድሞ ስለ ጠረገው ሰው ነው። በንባቡ ውስጥ የምንጠራቸው ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በደጋው አገራችን ቤተ ክርስቲያን ሲተከል ኮረብታ የሚመረጥለት ለክብሩ ብቻ እንዳልሆነ፣ በገጠር ያደረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሌሊት ለማሕሌት የሚመታው ደወል፣ መቺው ክንዱ ያልጠና ትንሽ ዲያቆን ቢሆን እንኳ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ ከማዶ ካለው መንደር ይደርሳል፤ በአንጻሩ ጋራው ከጋረደው ሥርጥ ውስጥ የሚኖረው ጎረቤት፣ በእርምጃ ቢለካ ከሁሉ የቀረበ ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ ደወል ከሩቅ አገር እንደ መጣ ድምፅ አደብዝዞ ይሰማዋል። እንግዲህ የኤፍ ኤም ሬድዮ ነገርም ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም።

የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ በቀበና ወንዝ አጠገብ፣ ከገደል ሥር በተሠራች ቤት ተከራይቶ በኖረበት ዘመን፣ ከመደርደሪያው ላይ የተቀመጠችው ሬድዮ ስታጓራ ትውልና፣ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ሁለት እርምጃ ሲወስዳት ድምፅዋ እንደ ምንጭ ውሃ ይጠራ ነበር። አከራይዋ እናት፣ ይህች ሬድዮ ሰው ሲቆም ትናገራለች፣ ሰው ሲቀመጥ ታኮርፋለች እያሉ ይደነቁ ነበር፤ ያስተዋሉትም ነገር እውነት ነበረ። በኤፍ ኤም የምንሰማው ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ከማሠራጫው በቀጥታ የመጣው ሞገድና ከገደሉ ወይም ከጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ነጥሮ የተመለሰው ሞገድ ሲገናኙ፣ በአንደኛው ሥፍራ ተደጋግፈው ይበረታሉ፣ ከዚያ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ፈቀቅ ባለው ሥፍራ ደግሞ ተቃርነው ይዳከማሉ። ሰውየው ራሱም በቁመቱ ሞገዱን ያግዳል ወይም ይመልሳል። ጣቢያው አልተለወጠም፣ ኃይሉም አልጨመረም፤ የተለወጠው መካኑ ብቻ ነው።

ይህን የመካንና የኃይል ነገር በገዛ ገንዘቡና በገዛ ሕይወቱ የመረመረው ሰው ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ይባላል። በ1890 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ተወልዶ፣ በሀድሰን ወንዝ ዳር በምትገኘው በዮንከርስ ከተማ አደገ። ገና ወጣት ሳለ በወላጆቹ ግቢ 38 ሜትር ያህል የሚረዝም የአንቴና ምሰሶ በእጁ ተክሎ፣ በገመድ በታሰረች መቀመጫ ራሱን ወደ ላይ እየሳበ ጫፉን ያበጅ ነበር። ካደገ በኋላም ይህ የከፍታ ፍቅር አልለቀቀውም፤ በ1923 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ በኒው ዮርክ መሐል ከአንድ ረጅም ሕንፃ ጣሪያ ላይ በቆመው የሬድዮ ጣቢያ ምሰሶ ላይ ወጥቶ፣ ባርኔጣውን እንደ ደፋ፣ ከጫፉ ባለችው የብረት ድንቡልቡል ላይ ሆኖ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። ፎቶግራፉን ያየ ሰው ስለ ከተማው ጥልቀት ዓይኑን ይጨፍናል፤ የጣቢያው ባለቤት የሆነው የአር ሲ ኤ ኩባንያ ሹም ዴቪድ ሳርኖፍም፣ ምንም እንኳ ወዳጁ ቢሆን፣ በዚህ ድፍረት እጅግ ተቈጥቶበታል።

በዚያን ዘመን ሬድዮ ሁሉ ኤ ኤም ነበረ። በዚህ ስልት የተናጋሪው ድምፅ የሚጻፈው በሞገዱ ቁመት ላይ ነው፤ መብረቅም፣ የፋብሪካ ሞተርም የሚያናውጡት ያንኑ ቁመት ስለ ሆነ፣ መቀበያው የዘፋኙን ድምፅ ከመብረቁ ጩኸት ለይቶ ማወቅ አይቻለውም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሁሉ ያዩት መድኃኒት አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ኃይልን በኃይል ላይ መጨመር። በ1934 ዓ.ም. በግንቦት ወር በሲንሲናቲ ከተማ ደብልዩ ኤል ደብልዩ የተባለው ጣቢያ 500 ኪሎ ዋት በሚያህል ኃይል መደበኛ ሥርጭቱን ሲጀምር፣ የዚህ አስተሳሰብ ፍጻሜው የታየ መሰለ።

አርምስትሮንግ ግን በሌላ ጎዳና ሄደ። የሞገዱን ቁመት እንዳለ አጽንቶ፣ ድምፁን በሞገዱ ድግግሞሽ ፍጥነትና ዝግታ ላይ ጻፈው፤ መብረቅ ቁመትን እንጂ ድግግሞሽን እምብዛም ሊነካ ስለማይችል፣ መቀበያው ቁመቱን ቈርጦ ሲጥል ጩኸቱም አብሮ ይወድቃል፤ ኤፍ ኤም የሚባለው ስልት ይህ ነው። የዚህን ፈጠራ የባለቤትነት ማረጋገጫ በታኅሣሥ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ተቀበለ። ዳሩ ግን ጥራቱ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ለዚህ ስልት የሚበቃ ሰፊ ቦታ የሚገኘው በጣም አጫጭር በሆኑት ሞገዶች ዘንድ ሲሆን፣ እነርሱም እንደ መካከለኛ ሞገድ ምድርን ተደግፈው አይሄዱም፣ እንደ አጭር ሞገድም ከሰማይ ንብርብር ነጥረው ወደ ሩቅ አህጉር አይመለሱም፤ እንደ ዓይን እይታ በቀጥታ ተጉዘው፣ ምድር ከጎበጠችበት ከአድማስ ላይ ይለያሉ። ከአድማስ በታች የተቀመጠ ሰው ብርቱ ጣቢያ ቢኖርም ብዙ አይጠቀምም ማለት ነው፤ የዘመኑ መሐንዲሶችም ይህን እጅግ አጭር ሞገድ ለቅርብ ጉዳይ እንጂ ለአገር ሥርጭት አይሆንም ብለው የተዉት በዚህ ምክንያት ነበረ።

በሰኔ 9 ቀን 1934 ዓ.ም. አርምስትሮንግ በኢምፓየር ስቴት ሕንፃ 85ኛ ፎቅ ላይ መሣሪያውን ተክሎ፣ አንቴናውን ከሕንፃው አናት ላይ አድርጎ፣ 2 ኪሎ ዋት ያህል በሆነ ኃይል ሥርጭቱን ፈተነ። አድማጮቻችን እዚህ ላይ ቁጥሩን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን፤ የሲንሲናቲው ጣቢያ ኃይል የዚህ 250 እጥፍ ነበረ። ሕንፃው 381 ሜትር ስለሚረዝም፣ የሬድዮ አድማሱ በስሌት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳሩ ግን በሎንግ አይላንድ ዌስትሃምፕተን ቢች በተባለ ሥፍራ፣ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ቀጥሎም መቀበያው ወደ ኒው ጀርሲ ሃደንፊልድ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቅ ሥፍራ ተወሰደና በዚያም ተሰማ። የበጋው መብረቅ የኤ ኤሙን ጣቢያ በጩኸት ሲያሰጥመው፣ የኤፍ ኤሙ ሙዚቃ በጸጥታ መካከል ይፈስስ ነበር። አየር ራሱ ሞገዱን በጥቂቱ ወደ ምድር ስለሚያጎብጠው፣ አድማስ እንደ ቢላዋ ስለት የሚቈርጥ አለመሆኑ በዚያ በጋ በተግባር ታወቀ።

ሕጉን በአጭሩ እንግለጸው። አንቴናው ከአካባቢው ምድር 100 ሜትር ከፍ ቢል፣ አድማሱ 41 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ቁመቱን አራት እጥፍ፣ ማለትም 400 ሜትር ማድረስ ያሻል። ኃይልን አራት እጥፍ ያደረገ ሰው ደግሞ በአንድ ሥፍራ የሚደርሰውን የሞገድ ብርታት እጥፍ ያደርገዋል፣ አድማሱን ግን አያንቀሳቅሰውም። ይህ ማለት ኃይል ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ዘልቆ ከጓዳ ለመግባት፣ በቅርብ ድግግሞሽ ካለው ከሌላ ጣቢያ ጋር ለመፎካከር፣ ከአድማሱ ጥቂት አለፍ ብሎ ለመድረስ የሚጠቅመው እርሱ ነውና። በኤፍ ኤም ዘንድ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ድግግሞሽ ቢገናኙ፣ እንደ ኤ ኤም ተደባልቀው አይጮኹም፤ የበረታው ደካማውን ፈጽሞ ይውጠዋል። በመንገድ ላይ ያለ ተጓዥ አንዱን ጣቢያ ሲሰማ ቈይቶ፣ ከጋራው እንደ ዞረ ሌላ ድምፅ በድንገት የሚመጣበት ስለዚህ ነው። የጣቢያ መሐንዲስ ሌላም ጥበብ አለው፤ አንቴናዎችን አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሮ፣ ወደ ሰማይ በከንቱ የሚሄደውን ኃይል ወደ ጎን፣ ሰው ወዳለበት ይመልሰዋል፤ ስለዚህም የጣቢያ ኃይል ሲነገር፣ ከመሣሪያው የወጣው ነው ወይስ ከአንቴናው ወደ አድማስ የተወረወረው ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የአር ሲ ኤ ኩባንያ በ1935 ዓ.ም. ሥፍራውን ለቴሌቪዥን እፈልገዋለሁ ብሎ አርምስትሮንግን ከኢምፓየር ስቴት አስወጣው። እርሱ ግን መካኑን አጣ እንጂ ትምህርቱን አላጣም። በዚያው ዓመት በኅዳር 5 ቀን ለሬድዮ መሐንዲሶች ማኅበር ጉባኤ ሐተታውን ሲያቀርብ፣ ውሃ ወደ ብርጭቆ ሲቀዳና ወረቀት ሲቀደድ የሚሰማውን ድምፅ ከዮንከርስ በሞገድ አሰማቸው፤ በዘመኑ ሬድዮ ውሃና ወረቀት በድምፅ የሚለዩ አልነበሩምና፣ ጉባኤው ተደነቀ። ከዚያ በኋላ በገዛ ገንዘቡ ከሀድሰን ወንዝ ማዶ፣ ፓሊሴድስ በሚባለው ገደል አናት ላይ፣ በኒው ጀርሲ አልፓይን በምትባል መንደር፣ 130 ሜትር ያህል የሚረዝም የብረት ምሰሶ አቆመ። ገደሉ ራሱ ከወንዙ 150 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ ተፈጥሮ የሰጠችውን ልዕልና በብረት እጥፍ አደረገው ማለት ይቻላል። ምሰሶው ከላይ እስከ ታች ሦስት ታላላቅ አግዳሚ ክንዶች አሉት፤ ከሩቅ ለሚያየው በመስቀል ላይ መስቀል የተደረበ ይመስላል። ከዚህ ሥፍራ በ1939 ዓ.ም. በ42.8 ሜጋ ኸርዝ በሙሉ ኃይል ማሠራጨት ጀመረ።

ትምህርቱን ያመኑ ሌሎችም ተራራ ፍለጋ ወጡ። በኒው ኢንግላንድ የያንኪ ኔትወርክ ባለቤት ጆን ሼፐርድ፣ በማሳቹሴትስ ፓክስተን አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ አንድ ማሠራጫ ተከለ፤ ቀጥሎም በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ካሉት ተራራዎች ሁሉ ከፍተኛ በሆነው፣ 1,917 ሜትር ከፍታ ባለው በዋሽንግተን ተራራ ላይ ሌላ ጣቢያ አቆመ። ይህ ተራራ በሚያዝያ 12 ቀን 1934 ዓ.ም. በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ የተለካበት ሥፍራ ነው። በክረምት ጉሙ ከብረቱ ላይ እየረጋ፣ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ እንደ ላባ እየበቀለ፣ ምሰሶውን ሁሉ በነጭ በረዶ ይገጥመዋል፤ የጣቢያው ሠራተኞችም ከምድር ተለይተው፣ እንደ ገዳም ሰዎች በዚያ ከርመው መሣሪያውን ይጠብቁ ነበር። ለዚህ ጸሐፊ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ በሸለቆ ያለ ገበሬ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ሙዚቃ እንዲሰማ፣ ጥቂት ሰዎች በደመና ውስጥ ኖሩለት።

ነገሩ በዚህ ቢቀጥል መልካም ነበረ። በአሜሪካ የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን ከጥር 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ጀምሮ ኤፍ ኤም ለንግድ እንዲሠራጭ ከ42 እስከ 50 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ሥፍራ ፈቅዶለት ሳለ፣ በሰኔ ወር 1945 ዓ.ም. ፈቃዱን አንሥቶ ወደ 88 ሜጋ ኸርዝና ከዚያ በላይ ወዳለው ሥፍራ አዛወረው። የተሰጠው ምክንያት በታችኛው ሥፍራ ሞገዱ አንዳንድ ጊዜ ከሰማይ ነጥሮ ከሩቅ ጣቢያ ጋር ይጋጫል የሚል ነበረ፤ አርምስትሮንግ ስሌቱ ስሕተት ነው ብሎ ተከራከረ፣ አልተሰማም። በሕዝቡ እጅ የነበሩት በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ መቀበያዎች ዋጋ አጡ። ከዚህም ሌላ የጣቢያዎቹ ኃይልና ከፍታ ከየከተማቸው ብዙ እንዳያልፉ ሆኖ ተወሰነ። ሞገዱ ባጠረ መጠን ጋራን ተጠማዞ የማለፍ ዐቅሙም ስለሚቀንስ፣ ከጋራ ጀርባ ያለው ጥላ በአዲሱ ሥፍራ የጠለቀ ሆነ። እኛም ዛሬ በአዲስ አበባ የምንሰማቸው የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ሁሉ ያሉት በዚሁ ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ሥፍራ ነው፤ በቀበና ገደል ሥር ያለችው ሬድዮ መስኮት ፍለጋ የምትሰደደውም በከፊል በዚህ ጠባይ ነው።

አርምስትሮንግ የቀረ ዘመኑን ፈጠራውን ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙ ኩባንያዎች ጋር በፍርድ ቤት ሲሟገት ገንዘቡንም ጤንነቱንም ጨረሰ። በጥር 31 ቀን 1954 ዓ.ም. ሌሊት፣ ካፖርቱን ለብሶ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከ13ኛ ፎቅ መስኮት ራሱን ጣለ። ዕድሜው 63 ዓመት ነበረ። ከፍታን እንደዚያ የወደደ ሰው በከፍታ መሞቱን ስናነብ እናዝናለን። ባለቤቱ ማሪዮን ግን ሙግቱን ከእርሱ ተቀብላ፣ አንዱን ኩባንያ ከሌላው በኋላ እየረታች፣ የመጨረሻውን ፍርድ በ1967 ዓ.ም. አሸነፈች።

በመስከረም 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የዓለም የንግድ ማዕከል ሕንፃዎች ሲወድቁ፣ በሰሜኑ ሕንፃ አናት ላይ የነበረው ምሰሶ አብሮ ወደቀና፣ የኒው ዮርክ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ብዙዎቹ ማሠራጫቸውን አጡ። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ከፍ ያለ መካን የፈለጉት መሐንዲሶች መሣሪያቸውን ጭነው ወንዙን ተሻገሩና ወደ አልፓይን ወጡ። ሦስት ክንዶች ያሉት ምሰሶ፣ አርምስትሮንግ በልጅነቱ ምሰሶ ከተከለባት ከዮንከርስ ፊት ለፊት፣ በገደሉ አናት ላይ እንደ ቆመ አገኙት።