ኮፊ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰባተኛው ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን የተወለዱት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1938 ነው፤ ዕለቱ ዓርብ ነበር። ስማቸውም ይህንኑ ይናገራል። በጋና አካን ሕዝቦች ዘንድ ዓርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ፣ ሴት ደግሞ አፊያ ወይም ኤፉዋ ይባላሉ። የእሳቸውም መንትያ እህት ኤፉዋ ነበሩ። የሰኞ ልጅ ኮጆ ነው፤ የቅዳሜው ክዋሜ፣ እንደ ጋናው መሪ ክዋሜ ንክሩማህ።

አካኖች ይህን መጠሪያ «ክራዲን» ይሉታል፤ የነፍስ ስም ማለት ነው። ወላጅ አይመርጠውም፤ ሕፃኑ ይዞት ይመጣል። የቤተሰቡ ስም የሚወጣለት ከቀናት በኋላ ነው። የእኛዎቹ ገብረ ሰንበትና ወለተ ሰንበት ግን ዕለቱን ያከብራሉ እንጂ ልጁ የተወለደበትን ቀን የግድ አይነግሩንም።

እነዚህ ስሞች በባርያ ንግድ መርከቦች አትላንቲክን ተሻገሩ። በጃማይካ እ.ኤ.አ. በ1739 ከእንግሊዞች ጋር ውል የተፈራረመው የማሩኖች፣ ማለትም ከባርነት ያመለጡ ሰዎች፣ መሪ ኩጆ ይባል ነበር። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚነካኝ ግን የጥቁር አሜሪካዊው የፖል ከፊ ነገር ነው። አባቱ ኮፊ በልጅነቱ ተማርኮ ወደ ማሳቹሴትስ የተወሰደ አካን ነበር። ቤተሰቡ ይጠራበት የነበረው ስሎከም የሚባለው ስም የአባትዬው ጌታ ስም ነው። ፖል ያንን ትቶ የአባቱን የልደት ቀን የቤተሰብ ስም አደረገው። ሰውን ከነስሙ ለሸጡትና ለገዙት ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም። ፖል የመርከብ ባለቤት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1816 ሠላሳ ስምንት ጥቁር አሜሪካውያንን በራሱ መርከብ ሴራሊዮን አደረሰ።