ዊንዶውስ ለምን አሸነፈ? ለፎንቆው ልጅ ላፕቶፕ ስንመርጥ

የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ላፕቶፕ ሊገዛ ሲነሳ «ማክ ይሁን ዊንዶውስ?» ብሎ ይጨነቃል። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለቀ 30 ዓመት ሊሆነው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።)

አውቶካድ በ1982 ሲወጣ ትልቁ ቁም ነገሩ፣ የምህንድስና ስዕልን ከውድና ግዙፍ ማሽኖች አውርዶ ጠረጴዛ ላይ በምትቀመጥ ኮምፒውተር ማሠራቱ ነበር። ሠሪው አውቶዴስክ በኋላ ፕሮግራሙን ለዶስም፣ ለዩኒክስም፣ ለማክም አዘጋጀ። ግን አንድን ፕሮግራም ለሦስትና ለአራት ዓይነት ማሽን መጻፍ፣ መፈተሽና ማረም ሸክም ነው። ተራው ፒሲ ደግሞ በየዓመቱ እየረከሰም እየፈጠነም መጣ። ለማክ ሪሊዝ 12 የመጨረሻው ሆነ፤ በ1994 የወጣው ሪሊዝ 13 ለዶስና ለዩኒክስ መሰናበቻ ሆነ፤ በ1997 ሪሊዝ 14 ሲመጣ ዊንዶውስ ብቻውን ቀረ።

የሕንፃ ስሌት የሚሠራው ሳፕም ታሪኩ ይገርማል። በ1970 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲወለድ ዊንዶውስ ሊመጣ ገና 15 ዓመት ይቀረው ነበር። ዛሬ ግን ልጁ ሳፕ2000ም፣ ዘመዱ ኢታብስም፣ ለመንገድ ሥራ የምንጠቀምበት ሲቪል 3ዲም የሚሠሩት በዊንዶውስ ብቻ ነው።

አውቶካድ በ2010 ወደ ማክ ተመልሷል፤ ግን አውቶካድ ብቻውን ሕንፃ አያቆምም። ከ2006 ጀምሮ ኢንቴል ያለበት ማክ ላይ በቡት ካምፕ ዊንዶውስ መጫን ይቻል ነበር። በ2020 አፕል የራሱን ቺፕ ሲያስገባ ያ በር ተዘጋ። ዊንዶውስን በሌላ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብቶ ማስኬድ አለ፤ የመመረቂያ ሥራዬን ግን በሱ ተማምኜ አልጀምርም።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት የአክስቴ ልጅ ከፎንቆ ደውሎ ስለጠየቀኝ ነው። ሆሳዕና ነው የሚማረው። ላፕቶፑን የሚገዛለት ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ እንደ ብዙው የሀድያ ልጅ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ውሎ ነው ያቺን ገንዘብ የሚያገኛት። «ጓደኞቼ አፕል ነው ጥሩ ይላሉ» አለኝ። ጥሩነቱን አልካድኩም። ግን የቡድን ሥራ ሲመጣ ፋይሉ በፍላሽ የሚመጣለት ከዊንዶውስ ነው። ራም አነሰ ቢባል የብዙ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ራም ይጨመራል፤ የአዲሶቹ ማኮች ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ይቀራል።

ለሱ ያልኩትን ለሁላችሁም ልበል፦ መጀመሪያ የምትሠሩባቸውን ሶፍትዌሮች ስም ጻፉ። ቀጥሎ ሠሪዎቻቸው በምን ላይ እንደሚሠሩ ያወጡትን አንብቡ። ላፕቶፑ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ከላፕቶፑ የጀመረ ሰው፣ ወንድሙ ስንት ቀን ቆሞ ያገኘውን ገንዘብ ኢታብስ ለማይከፍት ማሽን ይሰጣል።