የሌዘር ጨረርና የጥርስ ሽፋን

በጥርስ ላይ የተጣበቀ የሴራሚክ ሽፋን መለወጥ ሲኖርበት፣ ሐኪሙ በመሰርሰሪያ ሰንጥቆ ማውጣቱ የተለመደ ነው። በዚህም ሽፋኑ ይበላሻል፤ ጥርሱም ሊጎዳ ይችላል። ሌዘር ለዚህ ችግር ሌላ መፍትሔ አስገኝቷል፤ የመጣበት መንገድ ግን ረጅም ነው።

አልበርት አይንስታይን የሌዘርን ንድፈ ሐሳብ መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን የሩቢ ሌዘር በካሊፎርኒያ የሠራው ከ43 ዓመታት በኋላ በ1960 ነበር። ይኸው ሌዘር በ1960ዎቹ በጥርስ ላይ ሲሞከር፣ ሙቀቱ የጥርሱን ሕያው ክፍል የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ።

ችግሩ የተቃለለው ኃይልን በመጨመር ሳይሆን፣ ተስማሚውን የሞገድ ርዝመት በመምረጥ ነው። የኤርቢየም ሌዘር ጨረር 2,940 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ስላለው ውሃ አጥብቆ ይመጥጠዋል። ጨረሩ ሴራሚኩን በከፊል አልፎ እርጥበት ያዘለውን ማጣበቂያ ሲያገኝ ማጣበቂያው ይፈረካከሳል፤ ሽፋኑም በአብዛኛው ሳይሰበር ይላቀቃል። ብረትን ግን ጨረሩ አያልፍም።

የኤርቢየም ሌዘር በአሜሪካ ለጠንካራው የጥርስ አካል ሕክምና የተፈቀደው በ1997፣ ማለትም ንድፈ ሐሳቡ ከቀረበ ከ80 ዓመታት በኋላ ነው። ስለሆነም የመሠረታዊ ሳይንስ ትምህርት ዕቅድ በአንድ የበጀት ዓመት ፍሬ ብቻ ሊመዘን አይገባውም።