ጓሳን ማን ጠበቀው?

ስለ ደጋው ገጠር በአእምሯችን ሁለት ፎቶዎች አሉ። አንደኛው የእርዳታ ድርጅት ፖስተር ላይ የለመድነው ነው፦ የተራቆተ ተራራ፣ የከሳ በሬ፣ ጋቢ የተከናነበ ባላገር። ሁለተኛው ኢንስታግራም ላይ የሚዞረው ነው፦ ጉም፣ ጅብራ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ በድሮን የተቀረጸ ሰፊ ሜዳ፣ ከሥሩም «ያልተነካችው ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ። የመጀመሪያው ገበሬውን ባለማወቅ መሬቱን የሚያጠፋ ምስኪን ያደርገዋል። ሁለተኛው ጭራሽ ከሥዕሉ ያወጣዋል። ሁለቱም ላይ የሚሰበሰብ፣ የሚከራከር፣ ደንብ የሚያወጣና ደንብ የሚጥስ ሰው የለም።

ይሄን ነገር ለመፈተሽ መንዝን የመሰለ ቦታ የለም።

መንዝ ሲባል ከተሜው ምን እንደሚል ይታወቃል። ብርዱ፣ ባናው፣ አረቄው፣ «እልኸኛ ናቸው» የሚለው ቀልድ። ባጭሩ ዓለም የረሳው ጥግ። ግን ልብ በሉ፤ የሸዋ ነገሥታት ሐረግ የሚመዘዘው ከዚሁ ከመንዝ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ከተነሣው ከነጋሲ ክርስቶስ ነው። አዲስ አበባን የቆረቆሩት ዳግማዊ ምኒልክ የዚያው ዘር ናቸው። ዛሬ «ሩቅ» የምንለው ቦታ፣ እኛ መሐል ነው ብለን የተቀመጥንበትን ከተማ የመሠረተው ቤተሰብ የወጣበት ነው።

የነገሥታቱ ታሪክ ግን ብዙ ተጽፎለታል። ያልተጻፈለት የሣሩ ታሪክ ነው።

ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኝ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውርጫም ሜዳ አለ። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው፤ ጓሳ። ለመንዝ ሰው ጓሳ መልክዓ ምድር ብቻ አይደለም። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ይሠራበታል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ለከብቱ የመጨረሻው መሸሸጊያ ነው። ታዲያ ሁሉም የሚፈልገው፣ አጥር የሌለው ሜዳ እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ?

መልሱ ቄሮ ነው። (በቅርቡ ፖለቲካችን ውስጥ ከሰማነው ቃል ጋር እንዳታምታቱት፤ የመንዙ ቄሮ የሣር አስተዳደር ነው።) በአካባቢው ወግ ነገሩ የሚጀምረው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ አስቦና ጌራ ከሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ነው። ድንበራቸውን የለዩት በፈረስ ግልቢያ ነው ይባላል። ወጉ እንዳለ ሆኖ፣ ከእነሱ በትውልድ የተቆጠረ ሁሉ በጓሳው ላይ የጋራ መብት ነበረው። አጽመ ርስት ይሉታል።

ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ እንዲህ ያለ ሥርዓት ሳይ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ማን ይገባል? መቼ ይዘጋል? የጣሰ ምን ይሆናል? ቄሮ ለሦስቱም መልስ ነበረው።

ተጠቃሚዎቹ በየአጥቢያቸው ተደራጅተው አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ጓሳው ይዘጋል፤ ለአንድ ክረምት ሳይሆን አንዳንዴ ለሦስት፣ አንዳንዴ ለአምስት ዓመት። በዚያ ጊዜ ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ነው። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ በተራ ወጥቶ ይጠብቃል። ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቁ ሲጠና ይመከርና፣ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በለቅሶ ላይ ይነገራል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲገባ ከብቱ ይወጣል፤ ማብቂያው ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ቀን ነው። የማሳሰቢያ መልእክት አያስፈልግም፤ ያንን ቀን የሚስት ሰው የለም።

ቅጣቱ ቀላል አልነበረም። በተከለከለ ጊዜ በታጨደ ሣር ቤቱን የከደነ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር። እዚህ ላይ ሁለተኛው ፎቶ ይቀደዳል። «ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ የሚኖር የዋህ ሕዝብ» የምንለው ሰው፣ ጎረቤቱን የማያምንበት ጊዜ እንዳለ ያውቅ ነበር። ስለሚያውቅም ጠባቂ አቆመ።

በነገራችን ላይ ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ፣ ሁሉም የሚጋራው ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ነበር። እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት እየጨመረ ሜዳውን ይበላዋል፤ ስለዚህ ወይ ለግል ስጠው ወይ መንግሥት ይያዘው ነው ነገሩ። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ዓለምን ዞራ ብዙ የጋራ ሀብቶችን አጥንታ በራሳቸው ደንብ መቶ ዓመታት የቆዩ እንዳሉ አሳየች። ከምሳሌዎቿ አንዱ ቶርበል የምትባል የስዊዘርላንድ የተራራ መንደር ናት። እዚያ በ1517 የወጣ ደንብ አንድ ሰው በክረምት ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳያወጣ ይከለክላል። ኦስትሮም በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘች። የቶርበል ገበሬዎችና የመንዝ ገበሬዎች አይተዋወቁም። ብርዱና ችግሩ ግን ተመሳሳይ ነበር፤ መፍትሔውም ተቀራራቢ ሆነ።

አሁን ደስ የማይለው ክፍል። ቄሮ ፍትሐዊ ነበር? ለሁሉም አልነበረም። ከአስቦና ከጌራ የማይቆጠር ሰው አጠገቡ እየኖረ እንኳ በጓሳው ላይ መብት አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ አዋጅ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ፣ ርስትም ከርስት ጋር ቄሮም አበቃ። ለተገለለው ሰው ይሄ ትልቅ ቀን ነበር፤ እሱን መካድ አይቻልም። ለሣሩ ግን ክፉ ቀን ሆነ። የድሮው ጠባቂ ሥልጣን አጣ፣ አዲሱ የገበሬ ማኅበር ደግሞ ያን ያህል ተሰሚነት አልነበረውም። ከብት በማንኛውም ወር ይገባል፣ ማጭድም እንደዚያው። ሃርዲን የተነበየው ጥፋት መታየት የጀመረው ደንቡ ሲፈርስ ነው እንጂ ሜዳው የጋራ ስለነበረ አይደለም። ሃርዲን ራሱ ኋላ ላይ «የማይተዳደር» የሚለውን ቃል መጨመር ነበረብኝ ብሏል።

የመንዝ ሰው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በዙሪያው ካሉ ቀበሌዎች ተወካይ መርጦ የጓሳ ኮሚቴ አቋቋመ። መዝጋትና መክፈቱ ተመለሰ፤ መብቱ ግን አሁን በዘር ቆጠራ መሆኑ ቀርቶ በነዋሪነት ሆነ። ከአሮጌው ደንብ ሥራውን ወስደው አድልዎውን ጣሉት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማሻሻያ ደግሞ «ኋላ ቀር» ከሚባል ቦታ አይጠበቅም። ክልሉም ቆይቶ አካባቢውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች መጠለያ ካገኙባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይሄ ሜዳ ነው።

ታሪኩ እዚህ አላለቀም። መንዝ ውስጥ መሬት የሌለው ወጣት ብዙ ነው፤ ከአባቱ የሚካፈለው ማሳ እየጠበበ ሄዷል። ቤቱም በቆርቆሮ እየተከደነ ሲሄድ ሣሩ የሚያስፈልገው ሰው ይቀንሳል። ጥቅሙ ያልታየው ሰው ሌሊት በብርድ ወጥቶ አይጠብቅም። ስለዚህ ጥያቄው ቀበሮውን እንወደዋለን ወይ አይደለም፤ ያንን ሜዳ የሚጠብቀው ወጣት ከጥበቃው ምን ያገኛል ነው። ለዚህ መልስ ሳንሰጥ «ያልተነካ» እያልን ብናደንቅ፣ የምናደንቀውን ነገር ከሚያቆየው ሰው ላይ እንሰርቃለን።

ጓሳማ በደንብ ተነክቷል። 400 ዓመት ያህል ሲታጨድ፣ ሲጋጥ፣ ሲዘጋ፣ ሲከፈት ኖሯል። ፎቶው ላይ ያ ሣር ረዝሞ ከታየን፣ የሆነ ሰው «አሁን አይደለም፣ ገና ነው» ብሎ ጎረቤቱን ስለመለሰ ነው።